ጭድና ጭቃ፦ በአርሲ ደጋ ለአጥቢያ ግንባታ የተዘነጋ ሀብት

(በአሰላ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ግንባታ በተሰበሰብን ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው የሲሚንቶ፣ የብረትና የብሎኬት ዋጋ ነው። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የመጣሁት ከኅዳር እስከ ጥር በየአውድማው ዳር ተከምሮ ስለሚታየው፣ ኮምባይነር ባለፈበት ማሳ ላይም ተበትኖ ስለሚቀረው ነገር ነው፤ ስለ ጭድና ስለ ገለባ። ስለ ዋናው ቤተ መቅደስ አልናገርም፤ እርሱ የራሱ ሥርዐት፣ የራሱ ፈቃድና የራሱ ባለሙያ አለው። የምናገረው በቅጽሩ ዙሪያ ስላሉት ቤቶች ነው፤ ስለ አብነት ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ደቀ መዛሙርቱ ማደሪያ፣ ስለ ቤተ ልሔሙ፣ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽና ስለ አገልጋዮች መኖሪያ።

በእነዚህ ቤቶች ላይ የሚደርሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጭቃው አዳራሽ አረጀ ይባልና ይፈርሳል። ከምእመናን በተሰበሰበው ገንዘብ መሠረቱ ይወጣል፤ ዐምዶች ይቆማሉ፤ ከዚያም ገንዘቡ ያልቃል። ሲሚንቶው ከሙገር ወይም ከደርባ ተጭኖ፣ አዲስ አበባንና አዳማን አልፎ ነው ጭላሎ ሥር የሚደርሰው፤ በየእጁ ያለፈበት ዋጋ ሁሉ በላዩ ይጨመራል። የዐምዱ ብረት እንደ ቆመ ክረምት ይፈራረቅበታል፤ ይዝጋል። ተማሪዎቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚማሩት በድንኳን ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርሷ በላይ ያሉት አጥቢያዎች ብርድ ደግሞ ለእናንተ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ የውበት ወይም የዘመናዊነት ጥያቄ አይደለም፤ በያዝነው ገንዘብ ተማሪው በመጪው ክረምት ጣሪያ ሥር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው።

ጭድን ከአፈር ጋር አዋሕዶ መሥራት ጥንታዊ ነገር መሆኑን ከእኔ ይልቅ አባቶች ታውቃላችሁ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን እስራኤልን ለማስጨነቅ የመረጠው መንገድ ጭዱን መከልከል ነበር፤ የጡቡ ቍጥር ሳይጎድል ጭዱን ራሳቸው እየፈለጉ እንዲያመጡ አዘዘ። ይህን ክፍል ስናነብ የንጉሡን ጭካኔ እንጂ የጭዱን ነገር ብዙ አናስተውለውም። የጡብ ሠሪዎቹ ግን ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አፈር ሸክም ይችላል፤ ሲጎተት ግን ወዲያው ይለያያል። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ይወጣል፤ አፈሩ ይኮማተራል፤ መኮማተሩም ራሱን በራሱ እንደ መጎተት ነው። በዚህ ጊዜ ስንጥቅ ይጀምራል። ጭዱ በመካከል ካለ ስንጥቁ ከጭዱ ጋር ይጋጠማል፤ ጭዱ ግራና ቀኙን ይዞ ስለሚያስቀረው አንዱ ትልቅ ስንጥቅ ብዙ ጥቃቅን፣ ለዐይን የማይታዩ ስንጥቆች ይሆናል። የብረትና የሲሚንቶ አርማታም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሸክሙን አርማታው፣ ጉተታውን ብረቱ ይቀበላል። መሐንዲሶች ጥምር ቁስ የሚሉት ይህንን ነው። ጭቃ አቡኪው አባታችን በልዩ ስም ሳይጠራው ሲሠራበት ኖሯል።

በዘጌ ልሳነ ምድር ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ የተለሰነ ነው፤ በልስኑ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ያ ሁሉ ድንቅ ሥዕል ያረፈው በጨርቁ ላይ ነው። ሣሩ፣ ጥጡና አፈሩ አንድ ላይ ሆነው ሥዕሉን እስከ ዛሬ ተሸክመውታል። ሥዕሉን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ከበስተኋላው ያለው ጭድ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። እኛም ጭቃ ቤት ስንል ድህነት ብቻ እንዳይታየን ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ አጥቢያዎች ገንዘብ ትንሽ ሲገኝ መጀመሪያ የሚያደርጉት አሮጌውን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። መልካም አሳብ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ዓመትም ያምራል። ነገር ግን ጭቃና ሲሚንቶ እርጥበትን የሚቀበሉበት መንገድ አንድ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይወስዳል፤ በበጋ መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲወስድም ሲሰጥም በመጠኑ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ደረቅና ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በጊዜ ብዛት ከግድግዳው ይላቀቃል፤ በጥፍራችሁ ብታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በቀጭኑ ስንጥቅ የገባው የዝናብ ውኃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ከውጭ ግድግዳው ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሳለ በውስጡ ማገሩ ይሻግታል፤ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፤ ሞቃት በሆነው ቆላማ አካባቢ ከሆነም ምስጡ ሳይታይ ይሠራል። ጭቃ በጭቃ ተለስኖ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በጊዜ ይታይ ነበር፤ አንድ ቀን ሥራም ይበቃው ነበር።

ስለዚህ የሲሚንቶ ልስን ለማስለሰን ያሰበ ኮሚቴ ካለ ገንዘቡን ለሁለት ነገር እንዲያደርገው እመክራለሁ። አንደኛው ከመሬት ቢያንስ ከጉልበት በታች ያለውን የግድግዳ እግር በድንጋይ መሠረት ማንሣት ነው። ሁለተኛው የቆርቆሮውን ክፈፍ አርቆ ማስወጣትና አሸንዳ ማድረግ ነው። የጭቃ ቤት የሚሞተው በሁለት በኩል ነው፤ ከታች በሚወጣው እርጥበትና ከላይ ወርዶ መሬት ላይ ነጥሮ ግድግዳውን በሚመታው ውኃ። እነዚህ ሁለቱ ከተዘጉ የቀረው የጭድና የአፈር ሥራ ነው። የውጭው ገጽ ጠንከር እንዲል ካስፈለገም የተቀቀለና የበረደ ኖራ ከአሸዋ ጋር ይሻላል፤ ኖራ እርጥበቱን መልሶ ያስወጣል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልበል። በአርሲ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር ዋልካ ነው። ስንዴ ያበቅላል፤ ለግድግዳ ግን ብቻውን አይታመንም፤ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ካለ እርሱ ይመረጣል። ዋልካ ብቻ ያለው አጥቢያ ደግሞ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይቀላቅልበት። የጭዱም ዓይነት ይለያያል። ሁሉም ጭቃ ሠሪ የጤፍ ጭድ እንደሚሻል ይነግራችኋል፤ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር ይጠላለፋል። የስንዴና የገብስ ገለባ ክፍት አገዳ ያለውና አንሸራታች ነው፤ ስለዚህ ከጣት እስከ ስንዝር ባለ ቁመት ተከትፎና ተረግጦ ቢለሰልስ ይጠቅማል። በእግረ መንገድ፣ ከድሮዎቹ ረጃጅም ዝርያዎች ይልቅ የዛሬዎቹ አጭር ቁመት ያላቸው የስንዴ ዝርያዎች ከእህላቸው አንጻር የሚሰጡት ገለባ ያነሰ ነው፤ አረጋውያን ጭዱ እንደ ድሮው አይደለም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ትዕግሥት ነው። አባቶቻችን ጭቃውን አቡክተው ወዲያው አይመርጉበትም ነበር። ከጭዱ ጋር ያቦኩታል፤ ይሸፍኑታል፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ውኃ እየጨመሩ ይረግጡታል፤ ሽታው ተለውጦ፣ ጭዱ ለስልሶ፣ ጭቃው እጅ ላይ እንደ ሙጫ ሲይዝ ብቻ ወደ ግድግዳ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የጭዱ ከፊል ይበሰብሳል፤ ከእርሱ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር የአፈሩን ብናኝ ያያይዘዋል። ዛሬ ሥራው በቀን ሒሳብ ስለሚከፈል ሠራተኛው ጠዋት አቡክቶ ከሰዓት ይመርጋል፤ ከዚያ ጭቃ አይረባም ይባላል። ኮሚቴው ጭቃውን በደቦ ቀድሞ አስቦክቶ ቢያቆይና ባለሙያውን ለምርጊቱ ብቻ ቢቀጥር ወጪውም ይቀንሳል፤ ግድግዳውም ይጠናል። ደግሞም በብዙ ቦታ የልስኑንና የእበቱን ሙያ የያዙት እናቶች ናቸው። እበት ራሱ በከብቱ ሆድ ውስጥ ደቅቆ የወጣ ደቃቅ ጭድ ነው፤ ለመጨረሻው ገጽ ከእርሱ የሚሻል በአካባቢያችን አናገኝም። በግብረ ሕንፃ ኮሚቴው ውስጥ አንዲት እንኳ ይህን ሙያ የምታውቅ እናት ካልተቀመጠች ኮሚቴው ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጭድ እሳት ይስባል የሚል ስጋት ይነሣል፤ ጧፍና ዕጣን ባለበት ቅጽር ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው። ልቅ የሆነ ጭድ በርግጥ አደገኛ ነው፤ ክምሩን ከቤቶች አርቁት። በጭቃ የተሸፈነ ጭድ ግን አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይያያዝም። ለጭድ ከእሳት ይልቅ የሚከፋው ውኃ ነው። የጭዱ እርጥበት ከክብደቱ ከ100 እጅ ወደ 20 ሲደርስ ሻጋታ ይጀምረዋል። ስለዚህ ዝናብ የነካው ክምር ለከብትም ለግድግዳም አይሆንም።

የከብቱን ነገር ካነሣሁ፣ ጭድ በአርሲ መኖ መሆኑን ረስቼ አይደለም። ገበሬው በበጋ ላሟን የሚያቆይበትን ጭድ ለግድግዳ ስጥ ማለት አይገባም። የምለው ኮምባይነሩ ጥሎት ስለሚያልፈው ነው። ያ በማሳው ላይ ተበትኖ የሚቀረው ሳይረገጥና ሳይቃጠል በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢሰበሰብ ለአንድ የአብነት ትምህርት ቤት የሚበቃ ይገኛል። ስጦታው በገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አንዱ ምእመን አንድ ሸክም ገለባ፣ ሌላው የአንድ ቀን ጉልበት፣ ሌላው አምስት የባሕር ዛፍ ቋሚ ቢሰጥ የሁሉም ስም በአንድ መዝገብ መስፈር ይኖርበታል። የቅጽሩን ጽድና ወይራ ግን ለቋሚ ብላችሁ አትንኩ፤ ለዚህ ሥራ ባሕር ዛፍ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በተለይ ቴክኒክና ሙያ የተማሩ ወጣቶች ላሏቸው አጥቢያዎች። ጭድ ከጭቃ ጋር ይህን ያህል ከተስማማ፣ ቃጫንም ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅለን ቀጭን የጣሪያ ክዳን እንሥራ የሚል አሳብ ይመጣል። ይህ አሳብ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ሲሳል የተባለው ቃጫ በሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ የጣሪያ ክዳን ተሠርቶበት ነበር። ሲሚንቶ ሲረጥብ በውስጡ የሚፈጠረው ውኃ እጅግ አልካላይ ነው፤ የአትክልቱን ጭረት የሚያያይዘውን ክፍል ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክዳኑ አዲስ ሳለ ጠንካራ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጭረቱ ኃይሉን አጥቶ ክዳኑ ተሰባሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ አምራቾች ቃጫውን ትተው በወፍራም የሲሚንቶና የአሸዋ ክዳን ሄዱ። ጭረት ከጭቃ፣ ከኖራና ከጀሶ ጋር እንጂ ከሲሚንቶ ጋር አታጣምሩ። ወደ ኮፈሌ በኩል ያላችሁ፣ እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲወሰድ የሚቀረው ቃጫ ለዚህ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ተቆራርጦ በመጨረሻው ልስን ውስጥ ቢገባ ከጭዱ ይበልጥ ይይዛል። ቋሚና ማገርንም ከምስማር ይልቅ በእንሰት ገመድ ማሰር እናንተው የምታውቁት ጥበብ ነው።

በሌላ አገር ጭድ ከዚህም በላይ ሆኗል። በአሜሪካ በነብራስካ፣ እንጨት በሌለበት አሸዋማ ሜዳ የሰፈሩ ገበሬዎች በማሽን የታሰረ ገለባ እንደ ጡብ እየደረደሩ ቤት ሠርተዋል፤ አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 በዚሁ መንገድ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። በስዊድን ደግሞ በ1930ዎቹ ገለባን በሙቀትና በኃይል ጨምቆ ያለ ማጣበቂያ ሰሌዳ ማድረግ ተጀመረ፤ ገለባው ሲሞቅና ሲጨመቅ ራሱን በራሱ ይያያዛል፤ ሁለቱ ገጾች በወረቀት ይሸፈናሉ። በ1960 ዓ.ም. መባቻ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በዚህች በአሰላ ሲቋቋም ሥራው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ወተት ላም ነበር። ስንዴው ከዚያ ወዲህ አርሲን የሞላ ሆነ፤ ገለባውን ቤት የማድረግ ነገር ግን አብሮ አልተነገረም። ከአሥር ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩቱ ግቢ በተጨመቀ ጭድ ሰሌዳ የሙከራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ይህን ለአጥቢያ አላቀርበውም፤ ለሀገረ ስብከት ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ግን የሚታሰብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲመታው የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ሌሊት ብርዱ ይወርዳል። የገለባ ኮርኒስ ሁለቱንም ይቀንሳል። እስከዚያው ድረስ በማገር ላይ ጭድ የበዛበት ቀላል ጭቃ ቀጠን አድርጎ በማስተኛት ኮርኒስ መሥራት ይቻላል፤ ክብደቱን ግን አናጢው አስቀድሞ ያስላው።

ስለ ክብደት ስናገር፣ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ዳር መሆኑን አትርሱ። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የደረሰውንም ሁላችንም እናስታውሳለን። ብረት በቅጡ ያልገባበት የብሎኬት ግድግዳ ሲናወጥ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ቋሚና ማገሩ በደንብ የታሰረ፣ ጭዱ የበዛበት ግድግዳ ግን ይወዛወዛል፤ ልስኑ ይረግፋል፤ ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ይህ ግን እንጨቱ ጤነኛ ሲሆን ነው። በሲሚንቶ ልስን ውስጥ ተሸፍኖ የበሰበሰ ቋሚ ማንንም አያድንም። ስለዚህ ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የማዝዛችሁ፣ ይቅርታ፣ የምለምናችሁ ነገር በሲሚንቶ የተለሰኑትን የጭቃ ቤቶች ዙሪያቸውን እያንኳኳችሁ እንድታዩ ነው። ባዶ ድምፅ ካለበት ከሥሩ አንድ ስንዝር ከፍታችሁ የቋሚውን እግር በቢላ ወጋ አድርጉት።

ለአዲስ ሥራ ያሰባችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ ቤት አትጀምሩ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 4፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን የሌለው የእንጨት ሣጥን ሦስት አሠሩ። አንዱን በአፈር ጭቃ ብቻ፣ አንዱን ለአራት ሳፋ አፈር አንድ ሳፋ ጭድ ባለው፣ አንዱን ለሁለት ሳፋ አፈር አንድ ሳፋ ጭድ ባለው ሙሉት። በጥላ ሥር ይድረቅ። ሲደርቅ ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ በሌላው ጫፍ የተፈጠረውን ክፍተት ለኩ፤ የስንጥቁንም ብዛት ቍጠሩ። ክፍተቱ ያነሰውን፣ ስንጥቁም የደቀቀውን ያዙ። ከዚያው ድብልቅ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ግድግዳ በቅጽሩ ዳር በድንጋይ ላይ አቁሙና ክረምቱን ያለ ክዳን ተዉት። ጭዱን ግን አሁን፣ ኮምባይነሩ ሳይወጣ፣ ሰብስባችሁ ከዝናብ አስጠልሉት፤ ግድግዳው በመስከረም የሚነግራችሁን ሰምታችሁ ለመሥራት ስትነሡ ማሳው ላይ አዲስ ጭድ ገና አይኖርም።